ሽማግሌን ማስቀመጥ ማክበር ነውን?

ከሀገራችን መልካም ልማዶች አንዱ ለሽማግሌ መነሣት ነው። አንድ አረጋዊ ወደ ቤት ሲገቡ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ አረጋዊውም «በእግዜር!» ብለው ከሁሉ በሚሻለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ልማድ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ስለ ሆነ እንዲጠፋ የሚሻ አይኖርም፤ እኔም አልሻም። ነገር ግን በመልካም ልማድ አጠገብ አንድ ጥያቄ ማቆም ልማዱን ማፍረስ አይደለም። ጥያቄውም ይህ ነው፦ የክብሩ ወንበር ለአንድ ሰዓት ያህል መሆኑ ቀርቶ ከጧት እስከ ማታ፥ ከዓመት እስከ ዓመት የሆነ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌውን አከበርናቸው ወይስ አሰርናቸው?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ የመጣልኝ አይደለም፤ ከቤቴ ነው። እናቴ የምትኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፥ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ዕድሜዋ ከሰባ እስኪያልፍ ድረስ በየወሩ በ16 ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፥ የባሕር ዛፉን ጫካ አቋርጣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግርዋ ትወጣ ነበር። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ያንሸራትታል፥ በበጋም የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግር ሥር ይሸሻል። እኔ ልጅዋ ደመወዜ ሻል ሲል፥ «ከእንግዲህ ወዲህ መድከም ይበቃሻል» አልሁና ሶፋ ገዛሁላት፤ እንጀራ የምትጋግርላት ሠራተኛ ቀጠርሁላት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም በመኪና አደርሳት ጀመር። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ፤ እኔም የልጅነት ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን ያች ዳገቱን ሳይነጋ ትወጣ የነበረች ሴት፥ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ግድግዳ እየዳሰሰች የምትሄድ ሆነች። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ የእጅዋም አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ «ምን አደናቀፋት?» ብሎ ጠየቀኝ። ያደናቀፋት ነገር አልነበረም፤ ወለሉ ለስላሳ ነበር።

በዚያች ሌሊት ምን እንደ ደረሰባት ለመረዳት ስለ አንድ ስሙ ብዙ ስለማይነሣ የሰውነት ሕዋስ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአሪስጣጣሊስ ዘመን ጀምሮ የሰው ሕዋሳት አምስት ናቸው ሲባል ኖሯል፤ ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። አንባቢ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ የአፍንጫውን ጫፍ ይንካ። ጣቱን አላየም፤ አልሰማም፤ እስኪነካም ድረስ አልዳሰሰም። ታዲያ እጁ የት እንዳለ ማን ነገረው? ቻርልስ ሼሪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ ሕዋስ ስም አወጣለት፤ በእኛ ቋንቋ ሰውነት ራሱን የሚያውቅበት ስሜት ብንለው ይገባናል። በየጡንቻው ውስጥ መለጠጡንና የመለጠጡን ፍጥነት የሚለኩ ጥቃቅን ጠቋሚዎች አሉ፤ በጅማቶቹ ላይ ደግሞ የጉተታውን ኃይል የሚመዝኑ፥ በመገጣጠሚያዎችና በእግር መዳፍ ቆዳም ግፊትን የሚያመለክቱ አሉ። እነዚህ ሁሉ ያለማቋረጥ ወሬያቸውን በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ፤ ከራስ ቅል በስተኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎልም የታሰበውን እንቅስቃሴ ከተደረገው ጋር እያነጻጸረ ስሕተቱን ያርማል።

ይህ ስሜት ከእኛ ጋር ስለሚኖር አናመሰግነውም፤ ዋጋው የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር የ19 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ ወጣት ታምሞ፥ ከአንገቱ በታች ያለውን ይህን ስሜት በሙሉ አጣ። ጡንቻዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ነገር ግን እግሮቹ የት እንዳሉ ስለማያውቅ መቆም አልቻለም። ከብዙ ወራት ልፋት በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየጠበቀ መራመድን እንደገና ተማረ። መብራት ድንገት ከጠፋበት ግን እንደ ባዶ ስልቻ ይወድቅ ነበር።

ሰው ቆሞ ለመሄድ በሦስት ምስክሮች ይታመናል ማለት ይቻላል። አንደኛው ዓይን ነው፤ ሁለተኛው በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን መሣሪያ ነው፤ ሦስተኛው ይህ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው የሰውነት ስሜት ነው። በወጣትነት ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ይበቃሉ። በእርጅና ግን ሦስቱም ምስክሮች አብረው ይደክማሉ። የጡንቻ ጠቋሚዎች ንቃታቸው ይቀንሳል፤ ወሬውን የሚያደርሱት ወፋፍራም ነርቮች ይሳሳሉ፥ ፍጥነታቸውም ይጎድላል፤ የእግር መዳፍ ቆዳ የመሬቱን ንዝረት እንደ ድሮው አይለይም፤ የውስጥ ጆሮም ይደነዝዛል። ስለዚህ ሽማግሌው በቀረው ምስክር፥ ማለት በዓይን ላይ ይደገፋል፤ እግሩን እያየ ይራመዳል፤ ለመጠንቀቅም ሲል ጡንቻውን ሁሉ ያደነድናል። መብራት ሲጠፋ ወይም ፊቱን ለመታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን የሚንገዳገደው ስለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ቀድሞ በራሱ ይከናወን የነበረው እርምጃ አሁን ሐሳብን ይጠይቃል። አንዳንድ አረጋውያን በመንገድ ላይ ስናነጋግራቸው ቆም ብለው የሚመልሱት ለወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ ሲናገሩ መራመድ የሚያቆሙ አረጋውያን ከማያቆሙት ይልቅ በኋላ ለመውደቅ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። መውደቅም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ፥ ይበልጡንም የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈው ናቸው።

እንግዲህ እርጅና ይህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ፥ ጥፋቱ የዕድሜ ነው እንጂ የወንበሩ አይደለም የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ በእንጦጦ ላይ ይታያል። ይህ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑበት፥ ዛሬ ደግሞ የሩጫ ሰዎቻችን ሳይነጋ የሚለማመዱበት ነው። ሻምበል ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር፤ በጳጉሜን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ሦስተኛ ሲወጣ 40 ሆኖት ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሁለተኛ ሲወጣ ዕድሜው 41 ነበር። እነዚህ የተለዩ ሰዎች ናቸውና ለሁላችን መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም፤ ነገር ግን የዓመት ቍጥርና የሰውነት ድካም ሁልጊዜ እኩል እንደማይራመዱ ያስረዱናል።

ስለ ተራው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሰፊ የምርምር ክለሳ አለ። በ25 አገሮች 23,407 አረጋውያን የተካፈሉባቸውን 108 ጥናቶች ሰብስቦ፥ የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ይበልጥ የረዳውም ሚዛንን የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ ነው፤ ይኸውም ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፥ በአንድ እግር መቆም፥ ደረጃ መውጣት፥ ዞር ብሎ መሄድ ነው። ታይ ቺ የሚባለውን ዘገምተኛ የቻይና እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሽማግሌዎች፥ ቁርጭምጭሚታቸው በጥቂት ሲታጠፍ ቶሎ የሚለዩ መሆናቸው ታይቷል። እንቅስቃሴ የሞተውን ነርቭ አያስነሣም፤ የቀረውን ግን ያነቃል፤ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ አንጎልም የደከመውን ወሬ በትጋት እንዲያነብ ያስተምረዋል።

እኛም ከቻይና የምንዋሰው ብዙ አይደለም። ስግደት መውደቅና መነሣት ነው፤ እስክስታ ትከሻን ከደረት ለይቶ ማዘዝ ነው፤ ማኅሌት የሚቆሙ ካህናትም ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው ናቸው። በእጃቸው ያለው መቋሚያ ክብደትን ለመሸከም ብቻ የሚጠቅም ይመስለናል። በሙከራ እንደ ታወቀው ግን፥ ሰውነትን ለመደገፍ የማይበቃ ቀላል የጣት ጫፍ ንክኪ እንኳ የቆመውን ሰው መወዛወዝ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም እጅ ለአንጎል ተጨማሪ ምስክር ይሆናል። አባቶቻችን ይህን በቤተ ሙከራ ሳይመረምሩ በሥራ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የእንጦጦ መንገድም ራሱ አስተማሪ ነው። በለስላሳ ወለል ላይ እግር የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። በተራራው ላይ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ አዲስ ጥያቄ ነው። ቁርጭምጭሚት ያጋድላል፥ ጉልበት ይመልሳል፥ ወገብ ያስተካክላል። እናቴ ለሃምሳ ዓመት በየወሩ ስትማረው የኖረችውን ትምህርት እኔ በሶፋ አቋረጥሁባት። ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር አባት ይወቀሳል፤ እናትን ከእግርዋ ትምህርት ያስቀረ ልጅ ግን ተመረቀ።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ከዚሁ ከሀገራችን የሚነሡ ስለ ሆኑ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው በዚያው ዳገት ሲወርዱ የኖሩ እናቶችና እኅቶች አሉ። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ከጭነቱ ብዛት የተነሣ ዓይናቸው ከመሬት በቀር ሌላ አያይም። እንቅስቃሴ መድኃኒት ከሆነ፥ እነዚህ ሴቶች ከሁላችን ይልቅ ጤነኞች ሊሆኑ በተገባቸው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሸክም ወገብን ያጎብጣል፥ ጉልበትንም ይበላል። እንግዲህ «ሽማግሌ ይንቀሳቀስ» የሚለው ቃል፥ ድኻውን እስከ መቃብር አሠርቶ ለሚያሰናብት ሰው ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ተሸካሚዋ ስትደክም ማረፍ አትችልም፤ እናቴ ግን ስትደክም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሽዋን ትሰበስብ ነበር። ሰውነትን የሚያስተምረው ሰው በፈቃዱ የሚጀምረውና በፈቃዱ የሚያቆመው እንቅስቃሴ ነው። አንዷን በሸክም፥ ሌላዪቱን በወንበር፥ ሁለቱንም ከፈቃዳቸው አወጣናቸው። ስለዚህ የመንቀሳቀስ ጥያቄ በመጨረሻ የነጻነት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠልቃል። የእርምጃን ነገር ይህን ያህል ከፍ ካደረግነው፥ መራመድ የማይችለውን ሰው ክብር ዝቅ ማድረጋችን አይደለምን? ለዚህ ሻምበል አበበ ቢቂላ መልስ ይሰጣል። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. የሮማን ድንጋይ ንጣፍ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈ፥ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የደገመ ሰው ነበር። የሰው እግር መሬትን ምን ያህል ሊያውቅ እንደሚችል ለዓለም ካሳዩት ሁሉ ፊተኛ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ እግሮቹንም ዳግመኛ ሊያዝዛቸው አልቻለም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ፥ እጆቹ ሲመለሱለት በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው የሰው ክብር በእግሩ ውስጥ እንዳልነበረ ነው። በእግሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከእግሩ ጋር በጠፋ ነበር። አበበ የቀረለትን ክንድ ወስዶ ቀስት እንዲስብ ሲያስተምረው፥ በሮማ ያደረገውን ያንኑ ነገር ማድረጉ ነበር፤ የተሰጠውን ሰውነት እስከ ዳር ድረስ መጠቀም። ስለዚህ ግዴታችን ሁሉ ሰው እንዲራመድ አይደለም፤ ማንም ሰው ገና ያለውን ችሎታ በእኛ ፍቅር ምክንያት እንዳያጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያስቀምጡት ስለ ፍቅር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ራሴን ስመረምር ከፍቅሩ ጋር የተደባለቀ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ እርሱም የራሴ ሰላም ነው። እናቴ ተራራ ላይ ሳለች እኔ በቢሮዬ እሰጋ ነበር፤ በሶፋ ላይ ስትቀመጥ ግን ስጋቴ ዐረፈ። እንግዲህ ያሳረፍሁት እናቴን ነው ወይስ ልቤን? ደግሞም ዳገት መውጣት አደጋ አለበት፤ መውደቅ ይመጣል። ሆኖም መቀመጥም አደጋ አለበት። የዳገቱ አደጋ በአንድ ቀን ስለሚታይ እንፈራዋለን፤ የወንበሩ አደጋ ግን በሦስት ዓመት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዕረፍት ብለን እንጠራዋለን። እነዚህን ሁለት አደጋዎች መመዘን የሚገባው፥ አእምሮው እስካለ ድረስ፥ የሰውነቱ ባለቤት ነው። የልጅ ድርሻ ማስረዳት፥ ማገዝና አብሮ መሄድ ነው፤ መወሰን አይደለም። ሽማግሌን ሳይጠይቁ ስለ ሽማግሌ መወሰን፥ በመልካም ወንበር ላይ አስቀምጦም ቢሆን፥ ሽማግሌን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

ይህን የምታነቡ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ደግሞ ነገሩ የወላጆቻችን ብቻ አይምሰላችሁ። በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው ወንበሩን የጀመረው በ60 ዓመቱ አይደለም፤ በ25 ዓመቱ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ይህን በ65 ዓመቱ የሚጀምረው ግን በ30 ዓመቱ ጀምሮ ያልተወው ሰው በቀላሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የጥርጊያ መንገዶች ለወጣት ሯጭ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ከተማችንም ለሽማግሌ እግር ማሰብ ይገባታል፤ በደረጃው ዳር የሚያዝ ብረት፥ በእግረኛ መንገድ ክፍት ያልተተወ ጉድጓድ፥ በየርቀቱ የሚያርፉበት መቀመጫ ከትልልቅ ሕንፃዎች ያነሱ ሥራዎች አይደሉም። ወንበር የሚጠቅመው መንገድ ላይ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የጉዞ ዕረፍት ይሆናል።

እናቴ እጅዋ ከዳነ በኋላ ጥያቄውን ለእርስዋ አቀረብሁት። ሐኪሙም ፈቀደ። በመጀመሪያ ወር የበሩን መቃን ይዛ በአንድ እግርዋ እስከ አሥር ትቆጥር ነበር፤ እኔም ከኋላዋ እቆም ነበር። በሁለተኛው ወር እስከ ጎረቤት ደጃፍ፥ በአራተኛው እስከ ባሕር ዛፉ ዳር ደረስን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግርዋ አልወጣችም፤ ምናልባትም አትወጣም፤ እርስዋም ይህን ታውቃለች። ባለፈው 16 ቀን ግን እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ወጥታ፥ በትርዋን ተክላ ከተማውን ቁልቁል አየች። ክንድዋን ልይዝ እጄን ስዘረጋ «ቆይ፤ ስፈልግህ እጠራሃለሁ» አለችኝ።

እጄን መለስሁ፤ ከአንድ እርምጃ ኋላም ቆምሁ። ለወላጅ መነሣት ማለት ይህም ጭምር እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።